አበባው የማይጠበቅ ኦርኪድ

የቤቱ እመቤት የሳሎኑን መብራት አጠፉና የስልካቸውን ባትሪ አበሩ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱሮ ዓሣ ይኖርበት የነበረ የመስታወት ሣጥን አለ። ክዳኑን ገለጥ አድርገው «ጠጋ በል፤ ከፊት ሳይሆን ከጎን ነው የሚታየው» አሉኝ። ከጠቆረ አረንጓዴ ቅጠል ላይ ወርቃማ መስመሮች ብልጭ አሉ። ባትሪውን ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ብልጭታው አብሮ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ሲመልሱት ተመለሰ። ቅጠሉ ስድስት ሰባት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዋናዎቹ መስመሮች ከግርጌው ተነስተው ወደ ጫፉ ይነጉዳሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ፀጉር የማያክሉ አግድም ክሮች ያገናኟቸዋል።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ወሩ ጥር ስለሆነ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የመኪና ማቆሚያ በበረዶ ተሸፍኗል። እኚህ እናት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሳሎናቸውን ግማሽ ለተክሎች ለቀዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፤ «ከተጻፈማ ሰው ሁሉ ‹ቁራጭ ስጪኝ› እያለ በሬን ያንኳኳል» ይላሉ። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የሚያብበው? እሳቸው አበባውን እንደማይጠብቁት፣ እንዲያውም አንዳንዴ እንቡጡን በመቀስ እንደሚቆርጡት ሲነግሩት እንግዳው ግራ ይገባዋል። ለኦርኪድ አበባ ካልተጠበቀ ምን ሊጠበቅ ነው?

ኦርኪድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በሱፐርማርኬት መግቢያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን ፋሌኖፕሲስ ነው። ረጅም ዘንግ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ፣ ከታች ማንም ልብ የማይላቸው ወፋፍራም ቅጠሎች አሉት። አበባው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ሲረግፍ ብዙ ሰው ተክሉን ከነፖቱ ይጥለዋል። ዕንቁ ኦርኪድ የሚባሉት ግን ነገሩን ገልብጠውታል። አበባቸው ደቃቅ ነው። ገዢውን የሚያቆመው ቅጠላቸው ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ።

ስሙ የአንድ ተክል አይደለም። ከአንድ የኦርኪድ ነገድ የሚወለዱ፣ በቅጠላቸው የታወቁ በርካታ ዘመዳሞችን አትክልት ወዳዶች በአንድነት የሚጠሩበት ነው። በባትሪ ያየሁት ማኮደስ ፔቶላ ይባላል፤ አገሩ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና አካባቢው ነው። ዶሲኒያ ማርሞራታ ከቦርንዮ ደሴት ሌላ አገር የለውም። አኔክቶኪለስ የሚባለው ወገን ከሕንድና ከስሪላንካ እስከ ታይዋንና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። በየቤቱ በብዛት የሚገኘው፣ ለጀማሪም የሚመከረው ሉዲሲያ ዲስኮሎር ነው። ከደቡብ ቻይናና ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ አንስቶ በቬትናምና በታይላንድ አልፎ እስከ ኢንዶኔዥያ ይገኛል። ቅጠሉን የከፋይ ካባ በሉት፤ መደቡ ወደ ጥቁር የተጠጋ ወይን ጠጅ፣ ጥልፉ የመዳብ ቀለም ያለው ነው።

ይህ ሁሉ ጌጥ የማን ዓይን እንዲያየው ነው? የማንም አይደለም። እነዚህ ተክሎች እንደ ብዙዎቹ የሐሩር ኦርኪዶች ዛፍ ላይ አይንጠለጠሉም። ረግፎ በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ፣ ወይም ጥቂት አፈር በያዘ ቋጥኝ ላይ፣ ግንዳቸውን አጋድመው ይሳባሉ። ከላያቸው በደርብ በደርብ የተደራረበ ደን አለ። ጥቅጥቅ ባለ ደን አናት ላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ቅጠሉ በዚህች ፍርፋሪ ሊኖር የተሰናዳ ነው። የሉዲሲያን ቅጠል በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ላዩ ለጥ ያለ አለመሆኑን ያስተውላል፤ ሕዋሶቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ጎብጠዋል። ጉብታው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ብርሃን ይይዛል፣ ተንጸባርቆ የሚባክነውን ይቀንሳል። ቅጠሉ አንጸባራቂ መሆኑ ቀርቶ ከፋይ የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተሠራ ጥናት በደን ወለል ተክሎች ላይ ያሉ እንዲህ ያሉ ሕዋሶች ብርሃንን እንደ ሌንስ ሰብስበው ወደ ውስጥ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል።

የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት፤ ቀይ ነው። አንቶሳያኒን የሚባለው ቀለም ነው፤ ቀይ ጎመንንም የሚያቀላው እሱው ነው። ለብዙ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ማብራሪያ ቀዩ ጀርባ ሊያመልጥ ያለውን ብርሃን ወደ ቅጠሉ ይመልሰዋል የሚል ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ ሌላ ሥራ ጠቁመዋል። በደን ውስጥ ጥላው አልፎ አልፎ ይቀደድና የፀሐይ ጨረር ለጥቂት ደቂቃ መሬት ላይ ይወርዳል፤ ለጨለማ የተሰናዳ ቅጠል ያን ጊዜ ሊቃጠል ይችላል፤ ቀለሙም መከላከያ ይሆነዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ለአሳዳጊው ግን ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ይመሩታል፦ ተክሉ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ አይፈልግም። ቅጠሉን በደንብ ያየ ሰው የመኖሪያውን አገር አየ ማለት ነው። ፖቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ግን ስለዚያ አገር አንድም ነገር አትነግረውም።

ፓሪስ የተቀመጠው ሰው

ሉዲሲያ በአውሮፓ መዝገብ የገባው በ1818 ነው። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ከር ጋውለር የጉድየራ ወገን ነው ብሎ መዘገበው። በ1825 ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከጉድየራ ለይቶ ሉዲሲያ የሚለውን ወገን አቋቋመ። የኢትዮጵያን ዕፀዋት ታሪክ ያነበበ ሰው እዚህ ስም ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። በ1840ዎቹ መጨረሻ መታተም የጀመረውን የመጀመሪያውን ሰፊ የአቢሲኒያ ዕፀዋት መጽሐፍ በላቲን የጻፈው ይኸው ሪሻር ነው።

መጽሐፉን ያዘጋጀው ፓሪስ ተቀምጦ፣ ሌሎች በላኩለት ደረቅ ናሙና ላይ ነው። ከናሙናው ሰብሳቢዎች ሁለቱ ከ1839 እስከ 1843 በቴኦፊል ሌፌቭር መሪነት ኢትዮጵያን ከዞረው ቡድን ጋር የነበሩ ሐኪሞች፣ ካርተን ዲሎንና ፕቲ ናቸው። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። ካርተን ዲሎንን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው፤ ፕቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እነሱ በከፈሉት ዋጋ ሪሻር ስም ካወጣላቸው የአገራችን ኦርኪዶች አንዱ ዛሬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ነው። ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ነጭ የኮከብ ቅርጽ ያለው አበባ የሚያወጣ፣ በሌሊት መዓዛው የሚያውድ ተክል ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ያለው የእስያ ሉዲሲያና በኢትዮጵያ እርጥብ ደን ዛፍ ላይ ያለው ኤራንጊስ የአንድ ሰው ብዕር ነክቷቸዋል።

ናሙናው በደረቁ ይጓዝ ነበር፤ ሕያው ተክል ማጓጓዝ ግን ሌላ ችግር ነበረው። ለወራት በመርከብ ላይ የጨው ነፋስ የመታው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይደርስ ነበር። መላው የተገኘው ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ አስቀመጠ። የእሳት ራቷ ነገር ተረሳ። በከተማው ጥቀርሻ ምክንያት ግቢው ውስጥ እንቢ ያለው ፈርን ግን ከጠርሙሱ አፈር በቀለ። ውኃው ይተናል፣ መስታወቱ ላይ ይጠራቀማል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በ1833 በዚህ ዘዴ የተሠሩ ሣጥኖች ከነተክላቸው ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ተክሉም በሕይወት ደረሰ። በኋላም የቻይና ሻይ ችግኝ ወደ ሕንድ የተሻገረው በእንዲህ ያለ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ወደ ሳሎን ሲገባ ደግሞ ጥላና እርጥበት ወዳዱ ዕንቁ ኦርኪድ ምቹ ነዋሪ ሆነለት። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት የዓሣ ሣጥን የዋርድ ጠርሙስ የልጅ ልጅ ናት።

ምላጭ፣ ሞስና የእንጆሪ ሣጥን

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፉና የሉዲሲያውን ፖት አመጡ። ፖቱ ጥልቀት የለውም፣ ሰፊ ነው። የዚህ ተክል ሥር ወደ ታች የሚሰድ አይደለም፤ ግንዱ መሬት ላይ ሲሳብ ከየአንጓው አጫጭርና ጸጉራም ሥር እያወጣ ይሄዳል። ጥልቅ ፖት ቢሰጠው ታችኛው አፈር ሥር ሳይነካው ረጥቦ ይቀመጥና ይበሰብሳል። ግንዱ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ውኃ የሞላበት ነው፤ ያለ ጥንቃቄ ሲይዙት ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ምላጩን በአልኮል ጠረጉት። ሥራውን የሚያፋጥኑት መስሎኝ ነበር። ምላጩ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ ግንዱን አገላብጠው አዩ፣ በጥፍራቸው አንጓዎቹን ዳሰሱ። ከዚያ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ አወጡ። ቁስሉ ላይ ጥቂት የቀረፋ ዱቄት ነሰነሱ። ብዙ አሳዳጊዎች ሻጋታ ይከላከላል ብለው ያደርጉታል፤ ቀረፋ ያደርቃልና ሥር ላይ መንካት የለበትም። ቁራጩን አላቆሙትም፤ አጋደሙት። እንጆሪ የተሸጠበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ረጥቦ የተጨመቀ ስፋግነም ሞስ አንጥፈው፣ ቁራጩን በላዩ አስተኝተው፣ ክዳኑን ገጠሙ። ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ከላይም አለው። ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጡት፤ እዚያ ሙቀት አለ፣ ከጎን የመስኮት ብርሃን ይደርሳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአንጓው ሥር ብቅ ይላል፤ አዲስ ቅጠል ለማየት ግን ወራት መጠበቅ አለ።

ለአደገው ተክል የሚያዘጋጁት መትከያ የሞስ፣ የደቀቀ የዛፍ ቅርፊትና የፐርላይት ድብልቅ ሲሆን ጥቂት ከሰልም ይጨምሩበታል። የአትክልት አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ይጠቀጠቅና ሥሩን ያፍነዋል። ከሰሉን በተመለከተ እዚህ አሜሪካ ላለ ወገን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለዕጣን ማጨሻ የሚሸጠው፣ ክብሪት ሲነካው ቶሎ የሚያያዘው ክብ ከሰል ማቀጣጠያ ኬሚካል ስላለበት ለተክል አይሆንም። የሚፈለገው ምንም ያልተጨመረበት የእንጨት ከሰል ነው።

ውኃ ላይ እናቲቱ ቆጣ ይላሉ። «ስንት ቀን አንዴ ላጠጣ?» የሚል ጥያቄ ያናድዳቸዋል። ቀን አይቆጥሩም። የሞሱ ላይኛ ገጽ ቀለሙ ሲነጣ፣ ጣት ሲነካው እርጥበቱ ገና ሳይጠፋ ያጠጣሉ። ውኃው ለብ ያለ ይሆናል፣ ሰዓቱ ጠዋት፣ ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ። ከከፋዩ ላይ የተኛ ቀዝቃዛ ውኃ ጠባሳ ይተዋል። የቧንቧ ውኃ ጨው ካለበት የፖቱ ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ በዝናብ ውኃ ወይም በተጣራ ውኃ ደህና አድርጎ ማጠብ ነው። ማዳበሪያ በሚያድግበት ወቅት ብቻ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን አቅጥኖ መስጠት ይበቃል። ከበዛ የሥሩ ጫፍ ይቃጠላል።

ብስባሽ ከመጣ በግንዱ ግርጌ ይጀምራል። ጠቆር ይላል፣ ይላላል፣ ይሸታል። ያን ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከጠቆረው በላይ ጤነኛ ሥጋ እስኪገኝ ቆርጦ፣ ቀሪውን እንደ አዲስ ቁራጭ ሞስ ላይ ማጋደም ነው። ሉዲሲያ ይቅር ባይ ነው የሚባለውም በዚህ ነው፤ ሁለት ጤነኛ አንጓ እስካለ ድረስ ተስፋ አለ። ማኮደስ ግን እንዲህ አይደለም። አንዴ ከተከፋ መመለሱ ያጠራጥራል፤ ለጀማሪ እሱን የሚሸጥ ነጋዴ ደግ ነው አልልም።

በአሜሪካ ክረምት የተክሉ ዋና ጠላት ውጭ ያለው በረዶ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ነው። ማሞቂያ በሚሠራበት ቤት የአየሩ እርጥበት ከመቶ እጅ ሠላሳውና ከዚያም በታች ይሆናል። ሉዲሲያ ሃምሳ እጅ ካገኘ ይደሰታል፣ ከዚያ ትንሽ ቢያንስም ይለምደዋል። ማኮደስና አኔክቶኪለስ ሰባና ከዚያ በላይ ይሻሉ፤ ስለዚህ ሣጥን ውስጥ ይኖራሉ። ብዙ መጻሕፍት ፖቱን ውኃ ባለው ጠጠር ላይ አስቀምጡ ይላሉ፤ ለውጡ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። መርጨትም ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ነው፣ ቅጠሉን አርጥቦ ሻጋታ ይጋብዛል። ክዳን ያለው ሣጥን፣ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ የሚከፈት፣ ከሁሉ ይሻላል። ሙቀቱ ለሉዲሲያ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ15 በታች መውረድ የለበትም። ማኮደስ ከዚህ ሞቅ ያለ ይወዳል።

ብርሃኑን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እጅን ከቅጠሉ በላይ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ ጥላውን ማየት ነው። ጥላው ጠርዙ ተለይቶ ከጠቆረ ብርሃኑ በዝቷል፤ ደብዘዝ ያለ ግን የሚታይ ጥላ ካለ ልክ ነው፤ ጭራሽ ጥላ ከሌለ አንሷል። ብርሃን የበዛበት ሉዲሲያ ከወይን ጠጅነት ወደ ወየበ ቡናማ ይሄዳል፤ ያነሰበት ደግሞ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንድ እየረዘመ ይመጣል።

አበባውን መቁረጥ ላይ ከእናቲቱ ጋር አልተስማማንም። የእሳቸው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ያበበው ግንድ እድገቱን እዚያው ይጨርሳል፣ አዲስ ቅርንጫፍ ከታች እስኪያወጣ ይቆያል፣ ደካማ ማኮደስ ደግሞ ካበበ በኋላ ሊከስም ይችላል። ለማኮደስ ልክ ናቸው። የሉዲሲያን አበባ መቁረጥ ግን ግፍ ነው። በክረምት መገባደጃ ላይ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ዘንግ ያወጣል፣ ነጫጭ ደቃቅ አበቦች ይደረድራል። አንዷን ቀርበው ሲያዩዋት የግራና የቀኟ ልክ አይገጥምም፤ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን፣ መሀሏ ላይ ያለው ቢጫ ምሰሶ ወደ ሌላው ጎን ተጣሟል። ከኦርኪድ መካከል እንዲህ ጠመዝማዛ የሆነ ጥቂት ነው። ጤነኛና ሥሩ የያዘ ተክል ይህን ቢያወጣ አይጎዳም። «የራስህን አሳድገህ አበባውን ጠብቅ» አሉኝና ወሬው በዚህ ተዘጋ።

በሻንጣ የማይሄደው

ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ የላክሁላትን ፎቶ ካደነቀች በኋላ «ስትመጣ አንዲት ቁራጭ ካልሲህ ውስጥ ሸጉጠህ ብታመጣልኝ ምን ይልሃል?» አለችኝ። ብዙ የሚል አለ። የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ ለመጥፋት በተጋለጡ ዕፀዋትና እንስሳት ንግድ ላይ በወጣው፣ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው። ስምምነቱ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ1989 ገብታበታለች። ሕያው ተክል ድንበር ለማሻገር የሳይቲስ ፈቃድ፣ የተክል ጤንነት ምስክር ወረቀትና የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የበቀለ ነው፣ ስጦታ ነው ማለት ሻንጣ ውስጥ ላለ ሕያው ቁራጭ አይሠራም። ሕጉም ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም። በአንዲት ቁራጭ ላይ ተጣብቆ የሚሻገር ተባይ ወይም ቫይረስ የአንድን አገር የአበባ እርሻ ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ደኑ ነው። አኔክቶኪለስ በታይዋንና በደቡብ ቻይና ለባህል መድኃኒት በብዛት ይፈለጋል፤ ለቀማው ከጫካው አመናምኖታል። ገበያውን ከጫካ ወደ ቤተ ሙከራ ለማዞር የተቻለው የኦርኪድ ዘር ምስጢር ስለተፈታ ነው። የኦርኪድ ዘር ብናኝ ነው፤ እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ የራሱ ስንቅ የለውም። በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ዘሩ የሚበቅለው ፈንገስ ገብቶ ሲመግበው መሆኑን አረጋገጠ። በ1922 ደግሞ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉዊስ ክኑድሰን ፈንገሱን አስቀርቶ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት፣ አጋር በሚባል ጄል ላይ በብልቃጥ ውስጥ አበቀለው። ዛሬ ብዙ ኦርኪድ የሚመረተው በዚህ ዘዴና ከእሱ በኋላ በመጣው የህብረ ሕዋስ ብዜት ነው። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከጫካ ነው የመጣው ወይስ ከብልቃጥ? ሻጩ ካመነታ ትቶ መሄድ ነው።

እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ የዚሁ ቤተሰብ ተወላጅ አለ። ጉድየራ ፑቤሰንስ ይባላል። በክረምት፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ፣ ነጭ መረብ የተሳለበት ለምለም ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ነቅሎ ቤት መውሰድ የሚያምረው ሰው አይጠፋም። ከአፈሩ ፈንገስ ጋር የተሳሰረ ነውና ፖት ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ነው።

የአዲስ አበባ መስኮት

እህቴ ተስፋ አልቆረጠችም፤ በሕጋዊ መንገድ የምታገኝበት ቀን ሲመጣ የት ታስቀምጠው? እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ያሳስታሉ። «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አይገባውም» ይላሉ። ለለንደንና ለዋሽንግተን እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን በኩል ታልፋለች። የሰኔና የሐምሌ ደመና ያበርዳታል እንጂ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሰሜን መስኮት ይቃጠላል። በተቃራኒው በጋውን ሙሉ ፀሐይ የምትገባው በደቡብ መስኮት ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሯ ይበረታል። ለሉዲሲያ የሚሻለው ምሥራቅ ነው፤ ስስ መጋረጃ ተጋርዶበት፣ የማለዳ ብርሃን ብቻ።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርድ ነው። ማሞቂያ በሌለው ቤት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መስኮቱ ሥር ያለ ፖት አብሮ ይበርዳል። ማታ ማታ ከመስታወቱ አርቆ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በበረደበት ሰሞን ውኃም መቀነስ። የበጋውን ደረቅ አየር ለመቋቋም ግርጌው የተቆረጠ ትልቅ የሃይላንድ ፕላስቲክ እላዩ ላይ መድፋት ይበቃል፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ፕላስቲኩ ይነሳል።

ሌላው ሁሉ ለአዲስ አበባ ይቀላል። የክረምት ዝናብ ጨው የሌለው ውኃ ነው፤ ከቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያውን አቧራ ካጠበ በኋላ በንጹሕ ባልዲ ማጠራቀም ነው። ከሰል በየጉልቱ አለ። ፐርላይት ከጠፋ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ አቧራው እስኪጠፋ ታጥቦ ይተካዋል።

አንድ ነገር ብቻ ለእህቴ አጥብቄ ነገርኳት። ኢትዮጵያ የራሷ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ያሳተሙት የመስክ መጽሐፍ ከነሥዕሉ ይዟቸዋል። ከእነዚህ ዛፍ ላይ የሚኖሩት መጠጊያቸው የቡና ጫካ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ የተደረገ ጥናት ደኑ ሲቆራረጥና ቡናው ተጠናክሮ ሲለማ ቁጥራቸው እንደሚመናመን አሳይቷል። ስለዚህ ማንም «ከጅማ ጫካ ያመጣሁት ነው» ብሎ ከነቅርንጫፉ ይዞ ቢመጣ፣ የሪሻር ኤራንጊስ ራሱ ቢሆን፣ እንዳትገዛው።

እሺ ብላለች። ለጊዜው ወደ ምሥራቅ የሚያየውን የመኝታ ቤት መስኮት አስለቅቃ፣ ስስ መጋረጃ ሰቅላ፣ አንድ ባልዲ ፑሚስ አጥባ ጨርሳለች፤ የጎደለው ተክሉ ብቻ ነው።